ጠመኔው ያለ ፈቃድ አልወጣም አለ

ይህ የሰንሰለት ተረት ነው። አንዷን ቀለበት የሳበ ሁሉንም ይስባል። የቸኮለ ካለ ከአሁኑ ተነስቶ ይሂድ፤ የቀረው ግን ሲደጋገም አይሰልች። እኔ የምደግመው ወድጄ አይደለም፤ ደብሬም የተመላለሰችው ወዳ አልነበረም።

ደብሬ ይማም የምትባል ልጅ ነበረች። ከትንሽነቷ ጀምሮ አስተማሪ መሆን ትፈልግ ነበር፤ ሰው ላይ የማይደርስ ነገር የለም። ኮሌጅ ገብታ ሦስት ዓመት ተማረች። የሙያ ፈቃድ ፈተና አለብሽ ሲሏት ተፈተነች፣ አለፈችም። የሠራሽው ሁሉ በማህደር ተሰብስቦ ይቅረብ ሲሏት ሰበሰበች። የትምህርት ዕቅዷ፣ በካርቶን የቆረጠችው ፊደል፣ በቆርኪ የሠራችው መቁጠሪያ ፎቶግራፍ፣ ሁሉም ተጠርዞ አንድ ክንድ ቁመት ያለው ማህደር ሆነ። "ከእንግዲህ የቀረሽ ትንሽ ነገር ነው" አሏት። እሷም አመነች። በመስከረም ዋርካ ሜዳ በምትባል የወረዳ ከተማ ተመድባ አንደኛ ክፍል "ለ"ን ተረከበች። ስልሳ አንድ ልጆች ነበሩ። ግማሾቹ የግራ ጫማቸውን በቀኝ አድርገዋል፣ አንዷ ታለቅሳለች፣ ሁሉም አዲስ ደብተራቸውን ገልጠው ደብሬን ያያሉ።

ደብሬ በዚያ ጠዋት የፈለገችው አንዲት ጠመኔ ብቻ ነበር። ሰሌዳው አለ፣ ልጆቹ አሉ፣ እሷም አለች። ጠመኔ ለመጠየቅ ወደ ንብረት ክፍል ሄደች።

የንብረት ክፍሉ ጋሽ ቢሻው ይባላሉ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቁም ሳጥን ፊት ተቀምጠው፣ የትምህርት ቤቱን ዕቃ ከትምህርት ቤቱ አስተማሪዎች ሲጠብቁ የኖሩ ታማኝ ሰው ናቸው።

"ጋሽ ቢሻው፣ እንደምን አደሩ? አንዲት ጠመኔ ፈልጌ ነበር።"

"እግዜር ይመስገን። ፈቃድሽን አሳዪኝና ውሰጂ።"

"የምን ፈቃድ?"

"የሙያ ፈቃድ ነዋ! አምና ጠመኔ እየወጣ ለኳስ ሜዳ ማስመሪያ ዋለ። ከዚያ ወዲህ መመሪያ መጣ፤ ጠመኔ የሙያ ፈቃድ ላለው አስተማሪ ብቻ። በኔ በኩል ችግር የለም።"

ከኋላቸው ቁም ሳጥኑ በመስታወቱ ይታያል። ጠመኔ በካርቶን፣ ካርቶን በካርቶን ላይ፣ እስከ ላይ ድረስ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው።

ደብሬ ወደ ርዕሰ መምህሩ ሮጠች። ርዕሰ መምህሩ ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱ ግን ከመጠየቅ በፊት ያበቃል። "ፈቃዱ እስኪመጣ እንዳታስተምሪ" አላት። "ፈቃድ የሌለው ሰው አስተማረ ከተባለ የምጠየቀው እኔ ነኝ። እስከዚያው ጠብቂያቸው። ዝም ይበሉ ብቻ። እስከ ኅዳር ሚካኤል ፈቃድሽ ካልመጣ ግን ክፍሉ ይዘጋል፤ ልጆቹ ለከርሞ ይመለሳሉ።"

ስልሳ አንዱ ልጆች ትምህርት ጀመሩ። የተማሩት ዝም ማለትን ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም፤ በዚያ ሳምንት ዋርካ ሜዳ ውስጥ ዝንብ የዋጠ ልጅ አልነበረም። ደብሬም አንድ ቀን ዝም ስታስብል ዋለች። ከሰዓት ልጆቹን ሸኝታ ሜዳውንና በመሀሉ ያለችውን ትንሽ ወንዝ ተሻግራ ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ሄደች። መንገዱ በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። ይህችን ሃያ ደቂቃ ያዙልኝ፣ በኋላ እንፈልጋታለን።

ፈቃድ የሚጽፈው ሰው ማህደሯን ተቀብሎ በሁለት እጁ አነሳውና ክብደቱን ለካ። ደስ አለው።

"በጣም ጥሩ ማህደር ነው። ፈተናሽ አለ፣ ዕቅድሽ አለ፣ ፎቶግራፍሽ አለ። አንድ ቅጽ ብቻ ይጎድላል። ታዛቢ ክፍል ገብቶ ስታስተምሪ ያየበት ቅጽ።"

"ያለ ፈቃድ እንዳላስተምር ተከልክያለሁ እኮ።"

"ትክክል ናቸው። ያለ ፈቃድ ማስተማር ክልክል ነው።"

"ታዲያ ካላስተማርኩ ታዛቢው ምን ያያል?"

ሰውየው ትንሽ አሰበ። በዚያ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ማሰብ የሥራ ዝርዝሩ ውስጥ ስላልነበረ ቶሎ ተወው። "እሱን ታዛቢውን ጠይቂ። በኔ በኩል ችግር የለም።"

እንግዲህ ጠመኔው ያለ ፈቃድ አልወጣም አለ፤ ፈቃዱ ያለ ታዛቢ አልጻፍም አለ። ዝም ማለት የሰለቻቸው አራት ልጆች ወጡ፤ ልጆቹም ሃምሳ ሰባት ቀሩ።

ታዛቢው በዚያው ጽሕፈት ቤት በሁለተኛው ክፍል፣ በመስኮቱ በኩል ይቀመጣል። በመስኮቱ ሜዳው ይታያል፣ ከሜዳው ማዶ ትምህርት ቤቱ፣ ከትምህርት ቤቱ ላይ ባንዲራው። ነፋስ ሲኖር የሰልፉ መዝሙር እስከ ጠረጴዛው ይሰማዋል።

"ነገውኑ መጥቼ ባይሽ ደስ ይለኛል" አለ ከልቡ። "ግን ሞተር የለኝም።"

"ጌታዬ፣ ትምህርት ቤቱ ያው እዚያ ነው። እኔ አሁን በእግሬ ነው የመጣሁት።"

"አንቺማ የመጣሽው ለግል ጉዳይሽ ነው። እኔ የመስክ ሥራ ነው የምወጣው። የመስክ ሥራ ያለ ተሽከርካሪ የመስክ ሥራ አይባልም፤ ሽርሽር ነው የሚባለው። ቅጹ ላይ እኮ 'የተሽከርካሪ ሰሌዳ ቁጥር' የሚል ቦታ አለ። የእግሬን ቁጥር ልጻፍ?" ቀና ብሎም በመስኮቱ ባንዲራውን አየና፣ "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ብሎ አጽናናት። እንቁላሉ በእግሩ ሲሄድ እሱ በእግሩ የማይሄድበትን ምክንያት ደብሬ ልትጠይቀው ፈለገች፤ ግን የፈለገችው ጠመኔ ነውና ዋጥ አደረገችው።

ጠመኔው ያለ ፈቃድ አልወጣም አለ፤ ፈቃዱ ያለ ታዛቢ አልጻፍም አለ፤ ታዛቢው ያለ ሞተር አልሄድም አለ። ልጆቹም ሃምሳ ሁለት ቀሩ።

ሞተሯ በግቢው ውስጥ ቆማለች። ሸራ ለብሳ፣ ጎማዋ ታጥቦ፣ ከአንዳንድ ሠራተኛ የተሻለ ተይዛ። ስምሪት የሚሰጠው ሰው ሸራውን በክብር ገልጦ አሳያት። መርገጫዋን አንዴ ረገጠ፣ ሁለቴ ረገጠ። ሞተሯ ሳል እንኳ አልሳለችም።

"ታንከሯ ባዶ ናት እህቴ። በሷ በኩል ችግር የለም፣ በኔም በኩል ችግር የለም። ቤንዚን አምጪ።"

ቤንዚኑ ከሞተሯ አጠገብ ባለው ክፍል በበርሜል ተቀምጧል። በመሀላቸው አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ብቻ ነው ያለው። ቤንዚን ጠባቂው በርሜሉን በጣቱ ኳ ኳ አደረገላት፤ ሙሉ ነው። "ሙሉ ነው" አለ። "ሙሉ የሆነውም ያለ ደብዳቤ ስለማልቀዳ ነው። የኃላፊውን ደብዳቤ አምጪ፣ ዛሬውኑ እቀዳለሁ።"

ጠመኔው ያለ ፈቃድ አልወጣም አለ፤ ፈቃዱ ያለ ታዛቢ አልጻፍም አለ፤ ታዛቢው ያለ ሞተር አልሄድም አለ፤ ሞተሯ ያለ ቤንዚን አልነሳም አለች፤ ቤንዚኑ ያለ ደብዳቤ አልቀዳም አለ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። ቢሮ ሲያብር ደግሞ አንዲት ጠመኔ ያስራል። ልጆቹም አርባ ስድስት ቀሩ። ሰኞ ቀን ከኋላ ወንበር አራት ልጆች ጠፉ፤ አንደኛውን ደብሬ ገበያ ውስጥ ሸንኮራ ሲሸጥ አየችው። ሲያያት ደንግጦ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገና ዝም አለላት። ያስተማረችው ያንን ነበርና። ደብሬ እቤቷ ገብታ አለቀሰች።

ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነበሩ። ማክሰኞም ስብሰባ ላይ ነበሩ። ረቡዕ ከስብሰባ ወጥተው ስለ ስብሰባው ስብሰባ ገቡ። ሐሙስ በሩ ላይ ጠብቃ ያዘቻቸው። እሳቸውም ሰው አክባሪ ናቸውና አስገቧት፣ አስቀመጧት፣ ሰሟት።

"ይሄማ ትንሽ ነገር ነው!" አሉ። "አሁኑኑ!"

አሁኑኑም ደብዳቤው ተጻፈ። ጉዳዩ፦ ቤንዚን እንዲቀዳ ስለመጠየቅ። ግልባጭ ለአምስት ክፍሎች። ኃላፊው ብዕራቸውን አንስተው ሙሉ ክንዳቸውን በሚያወዛውዝ ፊርማ ፈረሙ። ደብሬ ወረቀቱን ልትቀበል እጇን ዘረጋች። ኃላፊው ወረቀቱን መለስ አደረጉ።

"ማህተም እኮ አላረፈበትም ልጄ። ያለ ማህተም ምኑን ደብዳቤ ሆነ?"

"ማህተሙ የት ነው ጌታዬ?"

"መሳቢያው ውስጥ። ቁልፉ ከጸሐፊያችን ከወይዘሮ የዝና ጋር ነው።"

"ወይዘሮ የዝና የት ናቸው?"

"ሦስት ሳምንት ሆናት አልገባችም።"

"ፈቃድ ወስደው ነው?"

ኃላፊው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ጠይቃለች። ግን የፈቃድ ደብዳቤዋ ማህተም አላገኘም። ስለዚህ እንደ መመሪያው ፈቃድ ላይ አይደለችም፤ ሥራ ላይ ናት።" ባዶውን ወንበር በአክብሮት አዩት። "አይዞሽ፣ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ነው። በኔ በኩል ምንም ችግር የለም።"

ጠመኔው ያለ ፈቃድ አልወጣም አለ፤ ፈቃዱ ያለ ታዛቢ አልጻፍም አለ፤ ታዛቢው ያለ ሞተር አልሄድም አለ፤ ሞተሯ ያለ ቤንዚን አልነሳም አለች፤ ቤንዚኑ ያለ ደብዳቤ አልቀዳም አለ፤ ደብዳቤው ያለ ማህተም አልላክም አለ፤ ማህተሙ ያለ ቁልፍ አላርፍም አለ። ልጆቹም አርባ አንድ ቀሩ። ሚካኤልም ዘጠኝ ቀን ቀረው።

ደብሬ በዚህ ጊዜ ተቆጥታ ነበር። ያልተቆጣችበት ሰው አልነበረም። በመንገድ ላይ ስትሄድ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ሰንሰለቱን እየደገመች ነው። ዛሬ የሰንሰለቱን ጫፍ እይዛለሁ፣ ጫፉ ላይ ያለውን ሰውም እንዲህና እንዲያ እለዋለሁ ብላ ተነሳች። የወይዘሮ የዝና ቤት ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ነው። ደረሰችና አንኳኳች።

ወይዘሮ የዝና እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወጣች። ቁልፉ አንገቷ ላይ፣ ከመስቀሏ ጋር በአንድ ክር ተንጠልጥሏል። ከኋላዋ አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ የዱቄት ወንፊት በራሷ ላይ ደፍታ ቆማለች።

"እትዬ የዝና፣ በእናትዎ፣ ቁልፉን ይስጡኝ። ማህተም አስደርጌ ዛሬውኑ እመልሳለሁ።"

"ቁልፍ ከእጅ ወደ እጅ አይተላለፍም እህቴ። ፈርሜ ነው የተረከብኩት።"

"እንግዲያስ አብረን እንሂድ።"

"ይህቺን ለማን ጥዬ?" አለች ወይዘሮ የዝና፣ ወንፊቱን ከልጅቷ ራስ ላይ እያነሳች። "አንድ ቀን ብቻዋን ትቻት ሄድኩ። ስመለስ ዶሮዋን ሳሙና ቀብታ በባልዲ ስታጥብ አገኘኋት። ዶሮዋ እስከ ዛሬ አልተሻላትም።"

"ትምህርት ቤት አትገባም?"

ይህን ስትጠየቅ ወይዘሮ የዝና ሦስት ሳምንት የቋጠረችው ሁሉ ወጣ። "ትምህርት ቤት? ገብታ ነበር እንጂ! አንደኛ 'ለ'! አንድ ሳምንት ላክኋት። ምን ተማርሽ ስላት 'ዝም ማለት' አለችኝ። በሁለተኛው ቀን ምን ተማርሽ ስላት ዝም አለችኝ። ዝም ማለቱንማ እቤቷስ ያቅታታል? አንዲት አስተማሪ ተብላ የመጣች፣ ወንበር ላይ ተጎልታ የምታያቸው፣ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነች እንጃ! እሷ ብታስተምር ኖሮ ልጄ ትምህርት ቤት፣ እኔ ሥራዬ ላይ ነበርኩ። እንኳን ማህተም፣ ሌላም እመታልሽ ነበር!"

ልጅቷ የእናቷን ቀሚስ ሳብ አደረገች። "እማ፣ እሷ እኮ ናት።"

 ወይዘሮ የዝና አፏን ያዘች።  ደብሬ ጫፉን ይዛለች፤ ጫፉም እሷ ራሷ ሆና ተገኘች። ዞሮ ዞሮ ከቤት፣ ኖሮ ኖሮ ከመሬት። "በኔ በኩል ችግር የለም" ልትል አፏን ከፈተች። አፈረችና ዘጋችው።

ጠመኔው ያለ ፈቃድ አልወጣም አለ፤ ፈቃዱ ያለ ታዛቢ አልጻፍም አለ፤ ታዛቢው ያለ ሞተር አልሄድም አለ፤ ሞተሯ ያለ ቤንዚን አልነሳም አለች፤ ቤንዚኑ ያለ ደብዳቤ አልቀዳም አለ፤ ደብዳቤው ያለ ማህተም አልላክም አለ፤ ማህተሙ ያለ ቁልፍ አላርፍም አለ፤ ቁልፉ ያለ የዝና አልዞርም አለ፤ የዝና ልጄን ጥዬ አልወጣም አለች፤ ልጅቷ ያለ አስተማሪ አልማርም አለች፤ አስተማሪዋም ያለ ጠመኔ አላስተምርም አለች።

"ስምሽ ማነው?" አለች ደብሬ ልጅቷን።

"እድላዊት።"

በሩ ሥር አንድ ማዳበሪያ ከሰል ቆሟል። ደብሬ አየችው። የግቢው ግድግዳ በኖራ የተቀባ ነው፤ እሱንም አየችው። ጎንበስ ብላ አንድ ቀጭን ከሰል መረጠች።

"እትዬ የዝና፣ ግድግዳዎን ላቆሽሽብዎ ነው።"

ወይዘሮ የዝናም፣ ቅድም ለተናገረችው ይሁን ለሌላ፣ "ከፈለግሽ ጣሪያውንም" አለች።

ደብሬ የልጅቷን ስም ከዳር እስከ ዳር ጻፈችው። እድላዊት ከሥሩ ቆማ በጣቷ ተከተለችው፣ ከዚያ በከሰል ተከተለችው፣ ከዚያ ብቻዋን ጻፈችው፤ ትልቅ፣ ዘመም ያለ፣ መጨረሻው ወደ ዶሮ ቤቱ የወረደ። ስትጨርስ አፍንጫዋ ጠቁሯል። "ነገም ትመጪያለሽ?" አለቻት ደብሬን።

"ነገ አንቺ ነሽ የምትመጪው" አለች ደብሬ።  የተናገረችው ነገር ክልክል መሆኑን ታውቃለች። ቅጥሯን ሊያሳጣት እንደሚችልም ታውቃለች። ግን ከሚካኤል በኋላ ክፍሉ ከተዘጋ ያ ሁሉ ማህደር ለማን ነው? ወይዘሮ የዝና አንድ ፌስታል ሙሉ ከሰል ሰጥታ ሸኘቻት።

በማግስቱ አንደኛ "ለ" ተማረ። ሰሌዳው ጥቁር ነው፤ ጥቁር በጥቁር ላይ አይታይም። የጀርባው ግድግዳ ግን ነጭ ነው። ደብሬ ልጆቹን ከነወንበራቸው ወደ ኋላ አዞረቻቸውና ጀመረች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። አርባ ሁለት ልጆች፣ እድላዊትን ጨምሮ፣ አምስት ሳምንት ያፈኑትን ድምፅ በአንድ ጊዜ ለቀቁት። ጩኸቱ ሜዳውን ተሻግሮ ታዛቢው ጠረጴዛ ድረስ ሄደ ይባላል።

ጋሽ ቢሻው እየሮጡ መጡ። "ግድግዳው! ግድግዳው በኔ ስም የተመዘገበ ንብረት ነው!"

"ጋሽ ቢሻው፣ ያለ ፈቃድ በከሰል አይጻፍም የሚል መመሪያ አለ?"

ጋሽ ቢሻው ቆም አሉ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ሊፈልጉ ሄዱ፤ መመሪያውን እስከ ዛሬ እየፈለጉት ነው። ርዕሰ መምህሩም መጣ። በሩ ላይ ቆመ፣ ግድግዳውን አየ፣ ልጆቹን አየ፣ ደብሬን አየ።  ርዕሰ መምህሩ ሰዓቱን ተመለከተና፣ "ስብሰባ አለብኝ፤ እኔ ዛሬ በዚህ በኩል አላለፍኩም" ብሎ ሄደ። በሕይወቱ ካደረጋቸው ስብሰባዎች ሁሉ የጠቀመው ያ ያልነበረው ነው።

በሁለተኛው ቀን ሸንኮራ ሻጩ ተመለሰ። በሦስተኛው ቀን ሰባት ልጆች መጡ። ከሰልም በየቤቱ ማነስ ጀመረ።

እድላዊት ትምህርት ቤት ስትውል የዝና ሥራ ገባች። የዝና ስትገባ ቁልፉ ዞረ። ቁልፉ ሲዞር ማህተሙ ወጣ። ማህተሙ ሲወጣ ደብዳቤው ላይ ዷ ብሎ አረፈ፤ የዝናም በነካ እጇ የራሷን የፈቃድ ደብዳቤ መታችው፤ በዚያም ቀን ወይዘሮ የዝና ሥራ ገብታ ሳለ በሕግ ፈቃድ ወጣች። ደብዳቤው ሲላክ ቤንዚኑ ተቀዳ። ቤንዚኑ ሲቀዳ ሞተሯ ተነሳች። ሞተሯ ስትነሳ ታዛቢው ቆብ አድርጎ ወጣ። ያቺ ሃያ ደቂቃ ትዝ ትላችኋለች? ሞተር በሜዳው ወንዝ አይሻገርምና በዋናው መንገድ ዞሮ፣ በድልድዩ አድርጎ፣ ከአንድ ሰዓት ከሩብ ጉዞ በኋላ ደረሰ። አቧራ ለብሶ ሲገባ፣ "መስክ ማለት ይሄ ነው" አለ።

ኋላ ተቀምጦ፣ ማለትም ፊት ተቀምጦ፣ ክፍሉ ዞሯልና፣ አየ። ልጆቹ አነበቡ፣ ቆጠሩ፣ ተነስተው ጻፉ። ታዛቢው መሳቅ ጀመረ፤ ከዚያ ቅጹን አየና ሳቁን አቆመ።

"መምህርት፣ አንድ ነገር አለ። አራተኛው ነጥብ 'የጠመኔ አጠቃቀም' ይላል። አንቺ ጠመኔ የለሽም። ይህን ባዶ ከተውኩት ቅጹ አልሞላም። ቅጹ ካልሞላ..."

"ፈቃዱ አይጻፍም" አለች ደብሬ።  ሚካኤል ከነገ ወዲያ ነበር። "ፈቃዱ ካልተጻፈ ጠመኔው አይወጣም። ጠመኔው ካልወጣ..."

ሰንሰለቱ ጅራቱን ሊይዝ አንድ ጣት ቀረው።

እድላዊት ከወንበሯ ተነሳች። ሄደች፣ ታዛቢው ፊት ቆመች፣ የያዘችውን ጉማጅ ከሰል በሁለት እጇ ዘረጋችለት። "ጋሼ፣ ከሌለዎት የኔን ይውሰዱ።"

ታዛቢው ከሰሉን አየ። ልጅቷን አየ። ግድግዳውን አየ፤ ከመሬት እስከ ልጅ ቁመት ድረስ ስም ብቻ ነው፣ ሃምሳ ስም። ብዙ ዓመት ቅጽ የሞላ ሰው ነው፤ ግን ልጅ ስሙን የጻፈበት ግድግዳ ፊት ቅጽ ሞልቶ አያውቅም። አፍንጫውን በመሐረብ ያዝ አድርጎ፣ አቧራው ነው አለ። ከዚያም በአራተኛው ነጥብ ላይ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ "ጥቁር ጠመኔ ተጠቅማለች። በጣም ጥሩ።"

ታዛቢው ሲጽፍ ቅጹ ሞላ። ቅጹ ሲሞላ ፈቃዱ ተጻፈ፣ ማህተሙም በዚያው ቀን አረፈበት፤ የዝና በወረቀት ፈቃድ ላይ ብትሆንም በሥራ ገበታዋ ላይ ነበረች፣ ቁልፉም አንገቷ ላይ። ፈቃዱ ሲጻፍ የጋሽ ቢሻው ቁም ሳጥን ተከፈተ። ሚካኤል ነገ ሊሆን፣ ጋሽ ቢሻው አንዲት ጠመኔ በመዳፋቸው ይዘው፣ ሦስት ቦታ አስፈርመው፣ "በኔ በኩል መቼ ችግር ነበረ?" እያሉ ለመምህርት ደብሬ አስረከቧት።

ደብሬ ጠመኔዋን ይዛ ክፍል ገባች። ልጆቹን ወደ ሰሌዳው መልሳ አዞረች።   ከሁሉ በፊት እድላዊትን ጠራቻትና ጠመኔዋን ሰጠቻት።

እድላዊት ጠመኔ በቅርብ አይታ አታውቅም። አገላበጠችው፣ አሸተተችው፣ ጣቷን አየች።

"ቲቸር፣ ይሄ ከሰል ለምን ነጣ?"

"ደጅ ሲጠና ሸብቶ ነው" አለች ደብሬ።

ተረቴ እዚህ ላይ ይቆማል። ማህተም አላረፈበትም፤ ያመነ ይመን።